አጎበሩ ሲወርድ

ባቱ ከተማ ላይ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባ ኮዳዎቹ ቀኑን ሙሉ የዓሣ ትርፍራፊ ሲለቅሙ ከዋሉበት የሐይቅ ዳር ተነሥተው ግራር ላይ ይሰፍራሉ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚያልፈው አስፋልት በባጃጅ ይሞላል። ከአበባ እርሻዎቹ የወጡ ሴቶች ሻሻቸውን እንዳሰሩ፣ ባዶ ምሳ ዕቃቸውን በፌስታል አንጠልጥለው፣ ሦስትም አራትም እየሆኑ ይመጣሉ። መንገድ ዳር ቆም ይሉና አንድ መደብ ሽንኩርት፣ አንድ መደብ ቲማቲም ገዝተው ይሄዳሉ። ዋጋ ለመከራከር እንኳ ጊዜ የላቸውም፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሥራ እየጠበቃቸው ነው።

እኔና ባለቤቴ ስድስት ክፍል በአንድ ረድፍ በተሠራበት ግቢ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን። ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ነው። ኮርኒሱ ማዳበሪያ ስለሆነ ድምፅ በላይ በኩል ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋል። የማን ልጅ ሲያስል እንዳደረ፣ ማን ዘግይቶ እንደገባ ሁሉም ያውቃል። የባልና የሚስት ጠብም እንዲሁ ይሰማል። ሰሚው ግን እንዳልሰማ ሆኖ ያድርና ጠዋት ቧንቧው ጋ ሲገናኝ "እንዴት አደራችሁ" ከማለት ሌላ አንድ ቃል አይጨምርም።

ከተማችን የወባ አገር ናት፤ አጎበር የሌለው አልጋ ብዙ አይታይም። ልጆች መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ከተኙ በኋላ፣ ከምሽቱ 3 ወይም 4 ሰዓት ሲሆን፣ አጎበሩ ይወርድና ጠርዙ ከፍራሹ ሥር ይወተፋል። በአንድ ክፍል ለሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለተኛ ክፍላቸው እሱ ነው። ኪራዩ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ የእናት መድኃኒት፣ ቀኑን ሙሉ በሆድ ተይዞ የዋለ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ይወራል፤ በሹክሹክታ። ጠቡም እዚያው ነው፤ እሱም በሹክሹክታ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የራሴ ቤት ነው። ባለፈው ኅዳር፣ አንድ ማክሰኞ ማታ፣ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ፋርማሲ ውስጥ ቆማ ውላ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ምድጃውን አየችው። ከሰሉ አልተያያዘም። ሽንኩርቱ ጠዋት በተሰቀለበት ፌስታል እንዳለ ነው።

"ዛሬም?" አለች።

"ምን ዛሬም?" አልኳት፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ሳላስቀምጥ።

"ምንም።"

"ምንም ከሆነ ለምን ትጠይቂያለሽ?"

"አንተማ ምን አለብህ።"

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ ብጽፈው ለማንም አይጠቅምም። ስለ ከሰል ተጀምሮ ስለ ወንድሜ ሠርግ ወጪ፣ ስለ እህቷ፣ ሦስት ዓመት ስላለፈው አንድ ፋሲካ ሆነ። የሰባት ዓመቷ ልጃችን ደብተሯን ዘግታ ዝም ብላ ታየናለች።

በዚያች "ዛሬም" ላይ ብዙ አስቤያለሁ። "ዛሬ" ብቻውን የቀን ስም ነው። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለችው "ም" ግን ትናንትን፣ ያለፈውን ሳምንት፣ ያለፈውን ዓመት ጎትታ ታመጣለች። "አንተማ" ውስጥ ያለችው "ማ" ባልን ከሰው ሁሉ ነጥላ ለብቻው ታቆመዋለች። "ነግሬህ ነበር እኮ" ሲባል "እኮ" የተረሳውን ሁሉ ከነቀኑ ይዛ ትቀርባለች። አማርኛችን ክስን በአንዲት ፊደል ማቅረብ ይችላል። የተከሰሰውም ሰው የሚመልሰው ለቃሉ አይደለም፤ ለፊደሏ ነው።

ነገሩ ሲከር ደግሞ "አንቺ" እና "አንተ" ይቀሩና "እርስዎ" ይመጣል፤ "እርስዎ ምን ጎደለብዎት!" ለአባት ሲነገር ክብር የሆነው ቃል ከሚስት አፍ ሲወጣ ባልን በገዛ ቤቱ እንግዳ ያደርገዋል። ቀጥሎ ስም ይጠፋል። ሰውየው "ሰው" ይሆናል፦ "ሰው ሲጠየቅ ይመልሳል።" ይህ የሚነገረው ለምድጃው ወይም ለግድግዳው ነው። በመጨረሻ ልጅ መልእክተኛ ትሆናለች። በዚያ ማክሰኞ ማታ እናቷ "ለአባትሽ እራት ቀርቧል በይው" አለቻት። የተቀመጥኩት ሁለት ክንድ ርቄ ነው። ልጄ ዞር ብላ "አባዬ፣ እራት ቀርቧል ተብለሃል" አለችኝ። ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ እንዳልሆነ ከድምፅዋ ታወቀኝ፤ ተለማምዳዋለች። ያ ጎዳኝ።

የእኛ አገር ጠበኞች ሌላም ጣጣ አለባቸው፤ የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። ቢኳረፉም እጃቸው እንጀራው ላይ ይገናኛል። እያንዳንዱ በየፊቱ ብቻ ይቆርሳል፤ መሐል ላይ ማንም ያልነካው ወጥ ይቀራል። "አልራበኝም" ያለው ደግሞ ሌሊቱን ሆዱ ሲጮህ ያድራል። አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል ይባል የለ። ዕርቅም የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚያው ትሪ ነው፤ አንዱ ሳይናገር ጠቅልሎ ያጎርሳል፣ ሌላው ሳይናገር አፉን ይከፍታል። በዚያ ማታ ግን ያጎረሰም የጎረሰም አልነበረም። አጎበሩ ወረደ፣ ጀርባና ጀርባ ሆነን ተኛን።

በማግስቱ ሳስበው የገረመኝ ጠቡ የጀመረበት ሰዓት ነው። በግቢያችን በማዳበሪያው ኮርኒስ በኩል የሚሰማው ጠብ ሁሉ የሚነሣው በዚያችው ሰዓት፣ ከበሩ እስከ ምድጃው ባለው መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ማንም አይጣላም፤ ጊዜ የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ብዙ አይሰማም።

ይህችን ሰዓት በቤተ ሙከራ ያጠኗት ሰዎች አሉ። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ጆን ጎትማንና ሮበርት ሌቨንሰን ባለትዳሮችን እያስቀመጡ በቪዲዮ ሲቀርጹ አንድ ነገር ጠየቋቸው፦ ከመምጣታችሁ በፊት ቢያንስ 8 ሰዓት ተለያይታችሁ ዋሉ። ከዚያ ስለ ቀኑ ውሎ ያወራሉ፣ ቀጥሎም ስለሚያጨቃጭቃቸው ጉዳይ። ሰው ሁሉ ማታ ቤቱ ሲገባ የሚያደርገውን ነው ቤተ ሙከራ ውስጥ ያመጡት። ጎትማን ከሲቢል ካሬር ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጥናት 124 አዲስ ተጋቢዎችን ለ6 ዓመት ተከታትሏል። ከ15 ደቂቃው ክርክር የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ብቻ ሲታዩ ማን ተፋትቶ ማን አብሮ እንደሚቆይ ይጠቁሙ ነበር። ለጠቡ ዕጣ ዋናው የተነሣው ጉዳይ አይደለም፤ አነሣሡ ነው። ይህን ሳነብ "ዛሬም?" ትዝ አለችኝ። አንድ ሰከንድ እንኳ አትፈጅም።

ግን የተናገረውን ብቻ መክሰስ ትክክል አይመስለኝም። እስክሪብቶውን ያላስቀመጠውስ? ሬና ሬፔቲ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎችንና ሚስቶቻቸውን አጥንታ ነበር። አውሮፕላን በበዛበት ቀን የዋሉት ባሎች ማታ ቤታቸው ገብተው ይዘጋሉ፤ ወሬም ቁጣም ይቀንሳሉ። ሚስት ይህን ተረድታ ፋታ ስትሰጥ ሰውየው በዝምታው ውስጥ ያርፋል። ስለዚህ ዝምታ ሁልጊዜ ኩርፊያ አይደለም፤ የደከመ ሰው መተንፈሻም ነው። ጥናቱን ካነበብኩ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። እነዚያ ሰዎች ዝም ብለው ሲያርፉ እራቱን ማን ሠራው?

የሥራ ቀን ማብቂያ የሚባለው ነገር ለወንድና ለሴት አንድ አይደለም። በአገራችን ይህ ልዩነት ልማድ ብቻ አልነበረም፤ ሕግም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 635 ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ቁጥር 646 ደግሞ ምድጃው ድረስ ይገባል፦ ባል የቤት ሠራተኛ ሊያቆምላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት። የባል ድህነት የሚስት ሥራ ይሆናል ማለት ነው። እነዚህ ድንጋጌዎች የተነሡት በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213 ነው። አዲሱ ሕግ ባልና ሚስት እንዲከባበሩ፣ እንዲደጋገፉና ቤተሰባቸውን በጋራ እንዲመሩ አዘዘ። ኦሮሚያም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። እኔ የተወለድኩት በአሮጌው ሕግ ዘመን ነው፤ ያገባሁት በአዲሱ። በዚያ ማክሰኞ ማታ ሽንኩርቱ በተንጠለጠለበት ፌስታል አጠገብ የተቀመጥኩት ግን እንደ 1952ቱ ሰው ነበር።

ባቱ ላይ ይህ ነገር ይበልጥ የሚታየው የሴቶች ደመወዝ ከተማዋን ስለለወጣት ነው። የኔዘርላንድ ባለሀብቶች የመሠረቱት ሼር ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሐይቁ አጠገብ ጽጌረዳ ማልማት ከጀመረ ወዲህ ከ10,000 በላይ ሰው የሚቀጥር ሆኗል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከጥር ጀምሮ እስከ የካቲት 7፣ አውሮፓ የፍቅረኞች ቀን እስኪያከብር፣ የአበባ እርሻ ሥራ ፋታ የለውም። ጽጌረዳው ተቆርጦ፣ ተመዝኖ፣ ታስሮ በዚያው ሌሊት ወደ ቦሌ ይጫናል። እዚያ ማዶ አንድ ሰው ለሚወደው ሰው ይሰጠዋል። እዚህ ያሰረችው ሴት ቤቷ ስትደርስ መሽቷል፤ እጇ እሾህ የቧጨረው ነው፣ ምጣዱ ቀዝቅዟል።

ደመወዝ ይዛ የምትገባ ሴት ቤት ውስጥ ምን ይጠብቃታል? ዮናስ ዮርትና ኤስፐን ቪላንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በኢትዮጵያ የአበባ እርሻዎች ውስጥ ጠይቀው ነበር። ሥራ ከፈለጉ ሴቶች መካከል በዕጣ የተቀጠሩትን ካልተቀጠሩት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በተቀጠሩት ላይ ባሎቻቸው የሚያደርሱት አካላዊ ጥቃት በ13 በመቶ፣ የስሜት ጥቃት ደግሞ በ34 በመቶ ጨምሮ አገኙት። ይህን ውጤት ማንበብ ይከብዳል። ነገር ግን ቪላንገር ራሱ ከአንድሪያስ ኮትሳዳም ጋር ቆይቶ በ27 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ላይ በሠራው ሰፊ ጥናት የሴት መቀጠር ጥቃትን አልጨመረም፤ አልቀነሰምም። ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው ገንዘቡ ብቻውን ቤትን የሚያፈርስም የሚያቀናም አይመስለኝም። ሁሉም በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ በሚሆነው ነገር ይወሰናል።

ገንዘቡ ግን ወሬውን ለውጦታል። ድሮ ባል የተቀበለውን ደመወዝ ኪሱ ብቻ ያውቀው ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ስልክ ትናገራለች። አጎበር ውስጥ ጨለማ ሆኖ የስልክ መብራት ፊት ላይ ሲያርፍ፣ መልእክት ሲገባ፣ "ለእናትህ ስንት ላክህ?" ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የዘይትና የመድኃኒት ዋጋ በየቤቱ ማታ ማታ የሚነሣ ሦስተኛ ሰው ሆኗል። ዕቁቡ ይቁም ወይስ ይቀጥል? ለማን ዘመድ እምቢ ይባል? ይህ ሁሉ የሚወሰነው እግር ሲያብጥ፣ ዐይን ሲከደን ነው። ከባዱን ውሳኔ ሁሉ ለቀኑ መጨረሻ፣ ለደከመው ሰዓት ማቆየታችን ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የዓሣ አጥማጅ ቤት ብቻ ከዚህ የተለየ ነው። ማታ መረብ ጥሎ ማለዳ የሚያነሣ ሰው ከሚስቱ ጋር የሚያወራው ጠዋት ነው። ቆሮሶው በጀልባው ሆድ እየተንፈራገጠ ይመጣል፤ እሷ ቢላዋዋን ይዛ ወደብ ላይ ትጠብቃለች፤ እየገፈፉ፣ እያጠቡ ይነጋገራሉ። ሁለቱም እጃቸው ሥራ ላይ ነው፣ ዐይናቸውም ዓሣው ላይ። ሲጨቃጨቁም ሰምቻለሁ፤ ግን ሥራው ስለማይቆም ጭቅጭቁም ብዙ አይቆይም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ የማታ ጠብ ሁሉ በኩርፊያ አያልቅም።

ከባቱ በስተምዕራብ፣ ሐይቁን ጀርባ አድርገው ሲሄዱ ቡታጅራ ይገኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ ያደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ የመረጠው የቡታጅራን አካባቢ ነበር። ባል ካላቸው ወይም ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ በባላቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናገሩ፤ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ደግሞ ሰዎችን አምስት ምክንያት እየጠቀሰ ጠየቀ፦ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆነው ምግብ ስታሳርር ነው? ስትከራከረው? ሳትነግረው ስትወጣ? ልጆቹን ችላ ስትል? አልጋ ላይ እምቢ ስትለው? ከሴቶቹ 63 በመቶ ቢያንስ በአንዱ ተስማሙ። ከወንዶቹ የተስማሙት 28 በመቶ ናቸው።

ዝርዝሩን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ታየኝ። ወጥ ማረር፣ መከራከር፣ አልጋ ላይ እምቢ ማለት፤ ከአምስቱ ሦስቱ የዚያች ሰዓት ነገሮች ናቸው። ከምድጃው እስከ አጎበሩ ያለው መንገድ ለብዙ ሴት የአደጋ መንገድ ነው። "መከራከር" የሚለው ይበልጥ ያመኛል። እኔና ባለቤቴ በዚያ ማታ የተከራከርነውን ያህል የተከራከረች ሌላ ሴት፣ ሌላ ግድግዳ ጀርባ፣ ምን ደርሶባት ይሆን? የሚፈሩትን ሰው ማነጋገር አይቻልም። ስለዚህ ስለ ማታ ወሬ ጣዕም የማወራው ሁሉ የሚሠራው ዱላ በሌለበት ቤት ብቻ ነው። ዱላ ያለበት ቤት የሚፈልገው ሕግና መጠለያ ነው።

በባቱ ዙሪያ ያሉት የአርሲ ኦሮሞ እናቶች ለዚህ የቆየ መልስ አላቸው። ሙሽራ ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለ ቀጭን በትር የማገዶ እንጨት አይደለም፤ የሚስትነት መብቷ ነው። በተለይ አራስ ሳለች ባሏ ቢመታት ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው እየጮኹ ይወጣሉ፤ ጩኸቱን የሰማች ሁሉ ቤቷን ጥላ ትቀላቀላለች። ምድጃ ይጠፋል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ ላም ሳትታለብ ታድራለች። ሽማግሌዎች መጥተው አጥፊውን ሳያስክሱት ሴቶቹ አይመለሱም። የሚደንቀኝ የቅጣቱ መንገድ ነው። ቤቱን የሚያቆመው የማን ሥራ እንደሆነ ለመንደሩ ሁሉ የሚያሳዩት ሥራውን በማቆም ነው።

በእኛ ግቢ ሲንቄ የለም፤ እትዬ ግን አሉ። ከጎናችን ባለው ክፍል የሚኖሩ እናት ናቸው። የአንዱ ቤት ድምፅ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል በሩን ያንኳኳሉ፤ "ክብሪት አላችሁ?" ይላሉ። ክብሪት አጥተው እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ክብሪቱን ተቀብለው፣ ልጁን ስመው፣ ስለ ውኃው መጥፋት ጥቂት አውርተው ይወጣሉ። ሰው ፊት የተቋረጠ ቁጣ በዚያው ግለቱ አይመለስም። በጂ ፕላስ ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ብሎኬት ሆኖ፣ በር ተዘግቶ ለሚጣላ ሰው ክብሪት የሚለምን ማን ይመጣለት ይሆን እላለሁ አንዳንዴ።

ቡና ሌላው መልስ ነው። ይህን የምለው ቡናን ለማወደስ አይደለም፤ የተፈተነ ነገር ስላለ ነው። ቡታጅራን ያኔ ይዞ በነበረው በጉራጌ ዞን፣ በ4 ወረዳዎች፣ የአገር ውስጥና የውጭ ተመራማሪዎች በ64 መንደሮች፣ በ6,770 ቤተሰቦች ላይ አንድ ሙከራ አድርገው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመዋል። አዳራሽ አልሠሩም፣ ወንበር አልደረደሩም። ቡና እየተፈላ 14 ጊዜ ሰው ሰበሰቡ። አንዳንዱ መንደር ሴቶች ብቻ፣ አንዳንዱ ባልና ሚስት አብረው፣ አንዳንዱ ወንዶች ብቻ ተቀመጡ። የተወራው ስለ ቤት ሥራ፣ ስለ መደማመጥ፣ ስለ አልጋ፣ ስለ ኤች አይ ቪ ነበር። ወንዶች ለብቻቸው በተቀመጡባቸው መንደሮች ባሎች ያደረሱት ወሲባዊ ጥቃት ቀነሰ፣ የቤት ሥራ የሚያግዙ ወንዶችም በዙ። ሴቶች ብቻ በተሰበሰቡባቸው መንደሮች ግን ጥቃቱ ላይ ግልጽ ለውጥ አልታየም።

ይህ ውጤት ለእኔ ብዙ ይናገራል። ሚስትን "ለስለስ አድርገሽ ጀምሪ፣ ሰዓቱን አይተሽ ተናገሪ" እያልን ስንመክር ኖረናል። ሽማግሌም፣ እናትም፣ የነፍስ አባትም ይህንኑ ይመክራል። ለስለስ ያለው አነጋገር የሚጠቅም መሆኑን ጎትማንም አሳይቷል። ነገር ግን ከሰሉ ሳይያያዝ፣ ቆማ የዋለች ሴት ምድጃ ፊት ቁጢጥ ብላ፣ ቃሏን መርጣ እንድትናገር መጠበቅ ጭካኔ ነው። የማታ ወሬ የሚለሰልሰው ወሬው ሳይጀመር፣ ሽንኩርቱ ሲላጥ ነው። እኔ የማምነው ይህን ነው። ከአሥር ጠብ ዘጠኙ ከባሕርይ አይመጣም፤ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ሲወድቅ ይመጣል።

ሌላው የምንመከረው ነገር ሳይታረቁ አለመተኛት ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ምእመናን ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁጣን ማብረድ እንደሚገባ ጽፏል፤ በሠርግ ላይም ይህ ቃል ሳይነሣ አይቀርም። ባቱ ላይ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ የደከመው ሰው ገና ከባጃጅ እየወረደ ነው። የበርክሊዎቹ ኤሚ ጎርደንና ሴሬና ቼን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት እንቅልፍ ያጡ ጥንዶች ይበልጥ እንደሚጋጩና የሌላውን ስሜት በትክክል ማንበብ እንደሚያቅታቸው አሳይተዋል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሳይተኛ ቢያድር እንኳ ይህ ይሆናል። በሌላ በኩል ቂም ይዞ ማደርም ቀላል አይደለም። በኦሃዮ ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ 42 ባለትዳሮችን ክንዳቸው ላይ ትንሽ ቁስል አውጥተው ሲያነጋግሯቸው፣ በጥላቻ የሚነጋገሩት ጥንዶች ቁስል የሚድንበት ፍጥነት ከሌሎቹ 60 በመቶው ያህል ብቻ ነበር። ነገር ቆዳ ድረስ ይገባል።

ታዲያ ይተኛ ወይስ ይታረቅ? ሽማግሌዎቻችን ለዚህ አንዲት ቃል አላቸው፤ "ይደር።" ከሳሽና ተከሳሽ ሲጋጋሉ አስታራቂው "ነገሩ ይደር" ይላል። ይደር ማለት ይቅር ማለት አይደለም፤ ነገሩ አልተሰረዘም፣ ቀጠሮ ተይዞለታል። ለዚህ ነው ከኩርፊያ የሚለየው። አኩራፊ ዝም ሲል መቼ እንደሚናገር ማንም አያውቅም። ይደር ያለ ሰው ግን እመለስበታለሁ ብሏል። ቁጣው ይበርዳል፣ ነገሩም አይጠፋም።

በእኛ ቤት ከዚያ ኅዳር ወዲህ ሁለት ነገር ተለውጧል። የገንዘብ ነገር አጎበር ውስጥ አይገባም፤ እሑድ ከሰዓት፣ ከቶናው በኋላ፣ ደብተር ይዘን እንነጋገራለን። ከባድ ነው፤ ሁለት እሑድ ተጣልተን ቡናው በረካ ሳይደርስ ተነሥቷል። ሌላው፣ እሷ ከመግባቷ በፊት ከሰሉን አያይዛለሁ፣ ሽንኩርቱን እከትፋለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ወፍራም እየከተፍኩ ወጡ አልሞሸሽ ይል ነበር፤ አሁን ይሻላል። ከግቢው ወንዶች አንዱ ሲያየኝ የሚስቃት ሳቅ አለች፤ ለምጃታለሁ። ጠቡ ጨርሶ አልቀረም። "ዛሬም" ግን ከጭቅጭቃችን ውስጥ ጠፍታለች፤ ልጄም ከዚያ ወዲህ መልእክት አድርሳ አታውቅም።

ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። ልጃችን እንቅልፍ ወስዷታል። አጎበሩን አወረድን፣ ጠርዙን በእኔ በኩል እኔ፣ በእሷ በኩል እሷ ወተፍን። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል፤ እትዬ ጸሎታቸውን ሲደግሙ በላይ በኩል ይሰማል። ባለቤቴ እግሯን ዘርግታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። እኔ ምንም አልጠየቅኳትም። ትንሽ ቆይታ ራሷ ጀመረች። ሊመሽ ሲል አንድ ሽማግሌ ለልጅ ልጃቸው መድኃኒት ሊገዙ መጡ፤ ብሩ አልሞላ አላቸው። ከኪሳቸው ሳንቲም፣ ከመሐረብ ጫፍ የታሰረ ብር፣ አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛው ላይ ደረደሩት። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ።

ወደ እሷ ዞርኩ።

"ከዚያስ?" አልኳት።